ሳይወድቁ መውደቅ

የሰው ልጅ አደጋን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ደርሶበት ሲያየው፣ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ደረሰበት አድርጎ ሲያስበው። እረኛ ልጆች ሜዳ ላይ አንዱ ጅብ፣ ሌላው በግ፣ ሦስተኛው ጠባቂ ሆነው ሲጫወቱ፣ ነገ በጫካው ዳር የሚጠብቃቸውን ነገር ዛሬ በሳቅ እየተማሩት መሆናቸውን አያውቁም። ወታደር ከመዝመቱ በፊት ባዶ ጥይት እየተኮሰ ይለማመዳል፤ የሕክምና ተማሪም ሕያው ሰው ፊት ከመቆሙ በፊት በሬሳ ላይ ይማራል። ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በማስመሰል የተገኘ ዕውቀት ምን ያህል ዕውቀት ነው? ከዚህም የሚከብደው፣ በማስመሰል ያወቀ ሰው በእውነት በደረሰበት ሰው ላይ ለመፍረድ ምን ያህል ሥልጣን አለው? በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ጥያቄውን ያነሣሣብኝ ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት እጅግ ቀላል ነው። በምሠራበት በወላይታ ሶዶ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ወጣቶች በሰዓት ሒሳብ እየከፈሉ በኮምፒዩተር የሚጫወቱባቸው ቤቶች አሉ። ከጨዋታዎቹም አንዱ አይሮፕላን የማብረር ጨዋታ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሚታየው በጥቂት መስመሮች የተሣለ ምድር ብቻ ነበር። በ2020 የወጣው ግን የዓለምን ገጽ ከሰማይ ከተነሡ ፎቶግራፎች ወስዶ ስለሚያሳይ፣ የሶዶ ልጅ ከዳሞታ ተራራ ትከሻ ተነሥቶ እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ በገዛ አገሩ ላይ ሊበር ይችላል። ዳሞታን ከሥሩ እንጂ ከበላዩ አይቶ የማያውቅ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል ሲያየው ፊቱ የሚያበራውን ብርሃን የተመለከተ ሰው፣ ጨዋታውን በጊዜ ማጥፊያነት ብቻ አይፈርጀውም።

ነገር ግን በደህና ማብረር ብቻውን መሰልቸቱ አይቀርም። ስለዚህም ወጣቶቹ ሌላ ፈተና አበጁ። አይሮፕላኑን ወደ ላይ ካወጡት በኋላ ሞተሩን ሆን ብለው ያጠፉትና፣ ሰው ሳይሞት የት ሊያወርዱት እንደሚችሉ ይሞክራሉ። አንዱ በአባያ ውሃ ላይ፣ ሌላው በበቆሎ ማሳ ውስጥ፣ ሦስተኛው ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ላይ ዕድሉን ይፈትናል። አፍንጫውን አብዝቶ ያዘቀዘቀ እንደሆነ መስኮቱ ይጨልምበትና እንደገና ይጀምራል። በዝግታና በደልዳላ ክንፍ ያረፈ ግን «ተረፍን!» ብሎ ይጮኻል። ይህ «ተረፍን» የሚለው የብዙ ቁጥር ቃል ዘወትር ያስገርመኛል፤ ከኋላ ባሉት ወንበሮች ላይ የተቀመጠ አንድም ሰው የለምና።

ከነዚሁ ወጣቶች አንዱ፣ ብልህ የሆነ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በኮሞሮስ ባሕር ላይ የወደቀበትን ታሪክ በጨዋታው ደግሞ ሠርቶት ኖሮ፣ ፍርዱን እንዲህ ሲል ነገረኝ። «ጋሼ፣ ካፒቴን ልዑል ክንፉን ቀጥ አድርጎ ይዞት ቢሆን ኖሮ አይሮፕላኑ አይሰበርም፣ ሰውም አያልቅም ነበር። እኔ ነዳጁን ጨርሼ ሦስት ጊዜ ሞክሬው ሁለቱን በደህና አሳርፌዋለሁ።» «የጠላፊዎቹስ ነገር?» ብለው፣ «እነሱማ ጨዋታው ውስጥ የሉም» ሲል መለሰልኝ።

ነገሩን ለማያስታውሱ አንባቢዎች ባጭሩ ላስታውስ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በበረራ ቁጥር 961፣ ቦይንግ 767 አይሮፕላን 175 ሰዎችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ፣ ሦስት ሰዎች ጠለፉትና ወደ አውስትራልያ እንዲወስዳቸው አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ነገራቸው። እነርሱ ግን በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ ይህ ዓይነቱ አይሮፕላን 11 ሰዓት ሊበር ይችላል የሚል አንብበው ነበርና አላመኑትም። (ጋኑን ሞልቶ የተነሣ አይሮፕላንና ለናይሮቢ ጉዞ በልኩ ነዳጅ የቀዳ አይሮፕላን ልዩነት እንዳላቸው አላስተዋሉም። በከፊል የተነበበ ጽሑፍ ካልተነበበ ጽሑፍ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።) ካፒቴኑ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትሎ ለመሄድ ሞከረ፤ ነቁበትና ወደ ውቅያኖሱ እንዲያዞር አስገደዱት። በዚህ ጊዜ በዘዴ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀና። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። በደሴቲቱ አይሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ሲያስብ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከጠላፊዎቹ ጋር በተነሣ ግብግብ ምክንያት ሜዳው ካይኑ ጠፋ። ከባሕሩ ዳርቻ 500 ሜትር ያህል ርቆ በውሃው ላይ ሲያርፍ የግራ ክንፉ አስቀድሞ ነካና አይሮፕላኑ ተሰባበረ። ጠላፊዎቹ ጭምር 125 ሰዎች ሞቱ፤ ካፒቴኑና ረዳቱ ዮናስ መኩሪያ ያሉባቸው 50 ሰዎች ተረፉ።

እንግዲህ ተማሪው በጨዋታው ያላገኛቸው ነገሮች ጠላፊዎቹ ብቻ አይደሉም። በዚያ አይሮፕላን ውስጥ ከነበሩት መንገደኞች ብዙዎቹ ላይፍ ጃኬት የሚሉትን በአየር የሚነፋ ሰደርያ ከለበሱ በኋላ፣ ከመውጣታቸው በፊት እንዳይነፉት ቢነገራቸውም፣ እዚያው በወንበራቸው ሳሉ ነፍተውት ነበር። ውሃው ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ የተነፋው ሰደርያ ወደ ጣራው አንሣፈፋቸው፤ ወደ በሩ ጠልቀው ለመውጣት የሚችሉበት መንገድ ተዘጋባቸው። ከግጭቱ የተረፉ ሰዎች ለማዳኛ በተሠራው ነገር ምክንያት ሰጠሙ ማለት ነው። ይህን በየትኛው የኮምፒዩተር መስኮት ላይ እናየዋለን? የጨዋታው ስሌት ክንፉ በምን ማዕዘን ውሃውን እንደነካ ይመዝናል፤ አንዲት እናት ልጅዋን ታቅፋ ሰደርያውን ለመንፋት ስትቸኩል ግን አይመዝንም። የመትረፍና ያለመትረፍ ጉዳይ በከፊል ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ፣ በፍርሃትና በመታዘዝ መካከል የሚወሰን መሆኑን ጨዋታው አይነግረንም።

ይህን ማለቴ በማስመሰል መማርን ለማጣጣል አይደለም። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ፣ አባቱ የኦርጋን ፋብሪካ የነበረው ሰው፣ በ1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያውን የበረራ መለማመጃ ሲሠራ፣ የሚያንቀሳቅሰው ከአባቱ ሙያ በወሰደው ወናፍ ነበር። በመጀመሪያ እንደ መዝናኛ ስፍራ መጫወቻ የታየው ያ ሣጥን፣ አብራሪዎች በደመና ውስጥ እየበረሩ ማለቅ በጀመሩ ጊዜ የአሜሪካ ጦር የሚገዛው መሣሪያ ሆነ። ዛሬ ምስለ በረራ ወይም ሲሙሌተር በምንለው በዚህ መሣሪያ ሳይፈተን መንገደኛ የሚጭን የአየር መንገድ አብራሪ የለም፤ በአዲስ አበባም የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ በርካታ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አሉት።

በጨዋታ የሚመስል ሙከራ የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈበትም ጊዜ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር 296 ሰዎችን የያዘ ዲሲ 10 አይሮፕላን የጅራቱ ሞተር ፈንድቶ፣ ክንፍና ጅራቱን የሚያዝበት የዘይት ቧንቧ ሁሉ ተበጠሰ። በመንገደኞች መካከል ዴኒስ ፊች የተባለ የአብራሪዎች አስተማሪ ነበረ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በጃፓን አንድ አይሮፕላን እንዲሁ መሪውን አጥቶ መውደቁን ሰምቶ፣ «ያለ መሪ፣ በሞተር ጉልበት ብቻ ማብረር ይቻል ይሆን?» ብሎ በምስለ በረራ ሞክሮ ነበር። ያን ዕለት ካፒቴን አል ሄይንስን ረዳ፤ የግራና የቀኙን ሞተር ጉልበት እያበላለጡ አይሮፕላኑን ሱ ሲቲ ከተባለው ከተማ አደረሱት። ሲያርፍ ተገለበጠና 112 ሰዎች ሞቱ፤ 184 ግን ተረፉ። ስለዚህ ያ የሶዶ ተማሪ ሞተሩን አጥፍቶ በአባያ ላይ ለማረፍ ሲሞክር የሚሠራው ሥራ ከፊች ሥራ ጋር የአንድ ዘር ነው። ግን ሌላም ነገር ልብ እንበል። ከአደጋው በኋላ ሌሎች አብራሪዎች ያንኑ ጉዳት በምስለ በረራ ደግመው ሲሞክሩት በደህና ሊያሳርፉ አልቻሉም። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የመሰከረው ለሄይንስና ለጓደኞቹ ነው።

መሣሪያው የሚከስበትም ጊዜ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት፣ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲታገል ጉልበቱን አጥቶ በሆዱ ወደቀና ተቃጠለ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከኒው ዮርክ በተነሣ ኤርባስ አይሮፕላን ላይ የዱር ዝይዎች ይህንኑ አደጋ አደረሱ። ካፒቴን ሰለንበርገር ወደ ሜዳው ከመመለስ ይልቅ በሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ የነበሩት 155 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ይሁን እንጂ መርማሪዎች ጠየቁ፤ መጠየቅም ሥራቸው ነው። ወደ ተነሣበት ሜዳ ሊመለስ አይችልም ነበርን? አብራሪዎችን በምስለ በረራ አስቀምጠው አስሞከሩ፤ ወፎቹ እንደመቱ ወዲያው ካዞሩት መካከል ከፊሎቹ በደህና ደረሱ። እንግዲህ በዚህ ቢቆም ኖሮ ያ ካፒቴን 155 ሰዎችን ያለ ምክንያት ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው ሊባል ነበር።

ነገር ግን የሞከሩት አብራሪዎች ወፍ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። የትኛው ሞተር እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚዞሩ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ መርማሪዎቹ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሰው የደረሰበትን ነገር ለማወቅ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ለማለት፣ ሞተሩን እንደገና ለማስነሣት ሞክሮ እንደማይነሣ ለመረዳት የሚወስድበትን 35 ሴኮንድ። በዚያ መዘግየት የተደረገው ሙከራ ከሜዳው ሳይደርስ ቀረ።

እኔ በበኩሌ በዘመናችን ስለ ፍርድ ከተሠሩት ሥራዎች መካከል ከዚህ 35 ሴኮንድ የሚበልጥ ጥቂት ይመስለኛል። አገራችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለች የምትተርተው ይህንኑ ነገር ነው፤ ልዩነቱ መርማሪዎቹ ተረቱን በሴኮንድ መለካታቸው ነው። በቋንቋችን ወንበር ማለት መቀመጫ ብቻ አልነበረም፤ በቀድሞው ዘመን ከዳኛ ጋር ለፍርድ የሚቀመጠውንም ሰው ወንበር እንለው ነበር። የጨዋታው ተማሪ አንዱን ወንበር ይዣለሁ ብሎ የተቀመጠው በሁለተኛው ላይ ነው። አብራሪ የሆነ መስሎት ዳኛ ሆኗል። ውጤቱን አውቆ የተቀመጠ ሰው፣ እጁ መሪ ቢጨብጥም፣ የሚሠራው የዳኛ ሥራ ነውና።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ ማንም በማንም ላይ አይፈርድም፤ ያጠፋ ሁሉ 'እኔ በነበርኩበት አልነበራችሁም' እያለ ያመልጣል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። ለዚህ የሚሆን መልስ የማገኘው ከሁሉም በላይ በአገራችን ላይ ከደረሰው ኀዘን ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ አስቀድሞ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም ላይ ኤምካስ የተባለ መሣሪያ፣ ከአንድ መለኪያ ብቻ የመጣለትን የተሳሳተ ምልክት አምኖ፣ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋ። ከውጭ አገር፣ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር፣ «የእኛ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ያድኑት ነበር» የሚል ቃል ተሰማ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ሊመልሱ በማይችሉበት ጊዜ ነው ይህ የተነገረው።

የመለሰላቸው ያው በሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ሰው ሆነ። ሰለንበርገር በሰኔ ወር 2011 ዓ.ም. በዚያው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ሁኔታውን በምስለ በረራ ራሱ እንደ ሞከረው፣ የሚመጣውን እያወቀ እንኳ አብራሪዎቹ ችግሩን ከመፍታታቸው በፊት ጊዜና ከፍታ እንዴት እንዳለቀባቸው ለመረዳት እንደቻለ መሰከረ። በምስለ በረራ ወንበር ተቀምጦ የወጣ ሰው ሊሰጠው ከሚችለው ምስክርነት ይህ ከሁሉም የተሻለው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልመለስ። በዚህ አደጋ የሚጠየቅ ሰው የለምን? አለ። ኤምካስ በአብራሪዎቹ መመሪያ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር። ኩባንያው ከቀድሞው 737 ወደ አዲሱ ለሚሸጋገሩ አብራሪዎች የምስለ በረራ ልምምድ አያስፈልጋቸውም፣ በትንሽ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይበቃቸዋል ብሎ ነበር። ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ ደግሞ የማክስ ምስለ በረራ መሣሪያዎች ራሳቸው አንዳንዱን ሁኔታ በትክክል የማያሳዩ ሆነው ተገኙና የስሌት እርማት እንደተደረገባቸው ኩባንያው አስታወቀ። ልምምዱ እንደሚያስፈልግ ያመነው በጥር 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እነዚህን ነገሮች የወሰኑ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ በጆሯቸው አልነበረም፤ ምድር ወደ እነርሱ አልተነሣችም፤ የነበራቸው ጊዜ በወራትና በዓመታት የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ፍርድ ይኑር፤ ነገር ግን የሚፈረድበት ሰው ለመወሰን የነበረው ጊዜና በዚያን ጊዜ በእጁ የነበረው ዕውቀት የፍርዱ መለኪያ ይሁን። ስድስት ደቂቃ ለነበረው ሰው እንደ ስድስት ደቂቃው፣ ስድስት ዓመት ለነበረው እንደ ስድስት ዓመቱ። በልማድ የምናደርገው ግን የዚህን ግልባጭ ነው፤ በመጨረሻ መሪውን ይዞ የተገኘውን እንከሳለን፤ ምክንያቱም ስሙ የሚታወቀው፣ እጁም የታየው የእርሱ ነው።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከወላይታ ጋር በአንድ ክልል በሚገኘው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ቆፋሪዎቹን ጨምሮ ቀበራቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡ ናቸው። በዚያው ክረምት በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬም ናዳ ሰው ገድሏል። ከጎፋው አደጋ በኋላ በሰነበቱት ቀናት በሻይ ቤት ውስጥ፣ «ምነው ሳያስቡት ተሰብስበው ገቡ፤ ተራራው ገና ያልጨረሰ መሆኑ አይታወቅም ነበር?» የሚል ንግግር ሰምቻለሁ። የጎረቤቱን ልጅ ድምፅ ከጭቃው ሥር የሰማ፣ ወይም የሰማ የመሰለው ሰው፣ የአፈር ሊቅ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቁም ማለት ነው። እኔ በነዚያ ሰዎች ላይ የምናገረው ቃል የለኝም። ተራሮቹ በምን ያህል ዝናብ እንደሚናዱ ለማጥናት፣ ከሥራቸው የሚኖረውን ሕዝብ ለማስጠንቀቅና ለማስፈር ዓመታት የነበረን ሰዎች ግን፣ በየቢሮው ያለን፣ የምንጠየቅበት ነገር አለ። ናዳ ከመውረዱ በፊት ያለው ጊዜ የጠረጴዛ ጊዜ ነው።

ስለ ተማሪዎቹ ጨዋታ የምሰጠው አሳብ ቢኖር እንዲተዉት ሳይሆን አጨዋወቱን እንዲለውጡት ነው። አንዱ ሲያበር ሌላው ከኋላው ቆሞ፣ መቼ እንደሆነ ሳይነግረው፣ ሞተሩን ያጥፋበት። አብራሪውም እስከ 35 ሳይቆጥር መሪውን እንዳይነካ ሕግ ይውጣ። የኮሞሮሱን በረራ የሚሞክር እንደሆነ ደግሞ ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ክንዱን ይጎትቱት፤ ሦስተኛው የአይሮፕላን ማረፊያውን ካርታ ይሸፍንበት። ስሌቱን የፊዚክስ መምህሮቻቸው ሊያግዟቸው ይችላሉ፤ ሞተሩ የቆመ አይሮፕላን ከዳሞታ በላይ ካለ ከፍታ ተነሥቶ ሲንሸራተት በ35 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ሜትር ወደ መሬት እንደሚቀርብ ማስላት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ አይደለም።